ውኃ ያልጠጣ ጨርቅ

እርጥብ ጥጥ ላይ የከሰል ካውያ ሲያርፍ የሚወጣ ሽታ አለ። የቃጠሎ ሽታ አይደለም። ዝናብ መትቶት ድንገት ፀሐይ የወጣበት አፈርና ትኩስ ዳቦ ቢደባለቁ ምናልባት እንዲያ ይሸቱ ይሆናል። ለእኔ መስከረም የሚገባው በአደይ አበባ ሳይሆን በዚህ ሽታ ነበር። ትምህርት ሊከፈት ሰሞን፣ ከሰበታ ወደ ዓለም ገና በሚወስደው መንገድ ዳር ከነበረች አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ እየወጣ አላፊ አግዳሚውን ይቀበል ነበር።

ሱቋ የጋሽ ከድሩ ነበረች። ጋሽ ከድሩ ልብስ ሰፊ ናቸው። እኔ አስተምርበት የነበረው ትምህርት ቤት ተማሪዎች የሚለብሱትን አረንጓዴ ዩኒፎርም ከሃያ ዓመት በላይ የሰፉት እሳቸው ናቸው። ሁለት ሕግ ነበራቸው። አንደኛው፣ "ጨርቅ ውኃ ሳይጠጣ አይቆረጥም" የሚል ነው። ከሱቁ በስተጀርባ አንድ በርሜል ነበረ፤ የመጣው ጣቃ ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ይነከራል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ በካውያ ይስተካከላል፤ መቀስ የሚያየው ከዚያ በኋላ ነው።

"ጋሽ ከድሩ፣ ነገ እኮ ትምህርት ይከፈታል!" ይላል የቸኮለ ወላጅ።

"እንግዲያው ነገ በቤት ልብሱ ይሂድ። እኔ ያላጠጣሁትን እናቱ ስታጥበው ይጠጣል። ያን ጊዜ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ይቀራል፤ የሚሰደበው ግን ከድሩ ነው።"

ሁለተኛው ሕግ የአራት ጣት እጥፋት ነው። ከሱሪው ግርጌ፣ ከቀሚሱ ጫፍ፣ ወደ ውስጥ አራት ጣት ያህል አጥፈው ይሰፋሉ። ልጁ ሲያድግ እናት ትፈታዋለች። የተፈታው ቦታ ፀሐይ ስላልነካው ከሌላው ጨርቅ ይልቅ ደማቅ ነበርና፣ አንድ ልጅ በዓመት ውስጥ ምን ያህል እንደረዘመ ከሱሪው ጫፍ ይነበብ ነበር። እኔ ከሰሌዳው ፊት ቆሜ ስንቱን አንብቤአለሁ።

ልጃቸው ራዲያ በመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ነው ያደገችው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከላይ መቀስ ይሄዳል፣ ከታች ቁራጭ ይወርዳል፣ ራዲያ ቁራጩን እየሰበሰበች ፊደል ትቆርጥበታለች። አምስተኛ ክፍል እኔ ዘንድ ስትደርስ፣ የሌላው ልጅ ፊደል ደብተሩ ላይ ሲንጋደድ የእሷ ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር። ለወላጆች በዓል "እንኳን ደህና መጣችሁ" የሚለውን ጽሑፍ ከአረንጓዴ ቁርጥራጭ ቆርጣ በነጭ አቡጀዲ ላይ የሰፋችው እሷ ናት። ያ አቡጀዲ ለአምስት ዓመት እንግዳ ተቀበለ።

ከዚያ ጊዜው ሄደ። የተሰፋ ዩኒፎርም በካርቶን እየታሸገ መምጣት ጀመረ። መንገዱ ሲሰፋ ሱቋ ተነሣች። የጋሽ ከድሩን ቀኝ ዓይን ሞራ ሸፈነው። የራዲያ እናት ወይዘሮ ሬሐና ታመሙ። ራዲያ በሃያ አንድ ዓመቷ ለሰው ቤት ሥራ ኩዌት ሄደች።

የሄደች ዕለት ገና ሳይነጋ እናቷን ተኝተው አገኘቻቸው። "ልቀስቅሳት አልኩና እንባዋን ፈራሁ፤ ጫማዬን በእጄ ይዤ ወጣሁ" ብላ ነግራኛለች። በሦስተኛው ዓመት ወይዘሮ ሬሐና አረፉ። ራዲያ መርዶውን የሰማችው በሰው አገር፣ የሰው ልብስ እየተኮሰች ነው።

ከሰባት ዓመት በኋላ አንድ ሻንጣና አንድ ልማድ ይዛ ተመለሰች። ልማዱ መሰናበት ነው። ከተቀመጠችበት ክፍል ሳትሰናበት አትወጣም። ግቢው ውስጥ ወዳለው ቧንቧ ልትሄድ እንኳ በሩ ላይ ትቆምና "አባ፣ ደህና ይሁኑ፤ ቲቸር፣ ደህና ይሁኑ፤ ውኃ ቀድቼ መጣሁ" ትላለች። ሽንኩርት ልትገዛ ስትወጣ የሰማት ሰው አውሮፕላን የምትሳፈር ይመስለዋል።

ጋሽ ከድሩን ይህ ያንገበግባቸው ነበር። "አንቺ ልጅ፣ የሚሰናበት እኮ እንግዳ ነው! የቤት ሰው ዝም ብሎ ይወጣል፣ ዝም ብሎ ይገባል።"

"እሺ አባ" ትላለች። ከዚያ ደግሞ ትሰናበታለች።

የራዲያ የቲሸርት ሥራ የተጀመረው በጋሽ ከድሩ ሳንባ ነው። አንድ ክረምት ሳል በርትቶባቸው የተነሡት የራጅ ፊልም ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጦ ነበር። ራዲያ ኩዌት የሠራችበት ቤት ልጅ፣ ለጓደኞቿ ባዶ ቲሸርት ላይ እያተመች ትሰጥ ነበር አሉ፤ ቀለሙ እንዳይለቅ በካውያ የምታፀናው ራዲያ ነበረች። ያንን አስታውሳ የአባቷን ፊልም በምላጭ በፊደል ቅርጽ ቀደደችው፤ ከመርካቶ በመጣ ነጭ ቲሸርት ላይ አስተኛችው፤ ቀለም የነከረችበትን ስፖንጅ በላዩ ጠቅ ጠቅ አደረገች። ፊልሙ ሲነሣ ፊደሉ ቀረ።

ጋሽ ከድሩ የተቀደደውን ፊልም ወደ መስኮቱ አንሥተው በደህናው ዓይናቸው አዩት።

"ይሄ የእኔ ጎን አጥንት አይደለም?"

"ነው አባ።"

"ምን ጽፈሽበታል?"

"መልካም ልደት።"

"ሐኪሙ ሳንባህ ንጹሕ ነው ብሎኝ ነበር። አሁን ይምጣና ይየው!"

ሳቅን። ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን የተናገሩት አንድ ቃል ራዲያን ወግቷት ቀረ። "ቢሆንም" አሉ፣ "በሌላ ሰው ስፌት ላይ መጻፍ ሙያ ይባላል እንዴ?"

ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ሥራ እሷ አትጠይቃቸውም፣ እሳቸውም አስተያየት አይሰጡም። በአንድ ክፍል ውስጥ እሳቸው በአንዱ ጥግ ከሬዲዮናቸው ጋር፣ እሷ በሌላው ጥግ ከቀለሟ ጋር። በመካከላቸው የእግር ስፌት መኪናው ቆሟል፤ ቴሌቪዥን ተጭኖበት። የቴሌቪዥን ማስቀመጫ ከሆነ አራት ዓመቱ ነው። እኔ ጎረቤት ነኝ፤ ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ከሰዓት በኋላዬ እዚያ ቤት ያልፋል።

ሥራው አልፎ አልፎ ይመጣ ነበር። የልደት ይመጣል፣ የተመራቂ ይመጣል። አንድ ጊዜ የባጃጅ ነጂዎች "ሦስት እግር ይበቃል" የሚል አሳትመው ከተማውን ሁሉ አሳቁ። ራስ ምታት የሆነባት ቀ ነበረች። ምላጩ ዙሪያዋን ሲዞር ሁለት ዓይኖቿ ከፊልሙ ተለይተው ወለሉ ላይ ይወድቃሉ፤ ቲሸርቱ ላይ የሚወጣው ድፍን ክብ ነው። ብዙ ፊልም ካበላሸች በኋላ ዓይኖቹን በቀጫጭን ድልድይ አንጠልጥላ መተውን ለመደች። እኔ በዘመኔ የፈተና ወረቀት በስቴንስል ስናባዛ ያንን ዘዴ ማንም አላሳየኝም፤ ብቻዋን ነው የደረሰችበት።

ሚያዝያ ሲያልቅ ራቢአ ከኩዌት ደወለች። ራቢአ እዚያ አብራት የሠራች ጓደኛዋ ናት። ራዲያ ትሠራላቸው የነበሩት አሮጊት እመቤት ከእሷ ሌላ ሰው አልፈልግም ብለዋል፤ ቦታው እስከ ግንቦት መጨረሻ ይጠብቃታል አለቻት።

በዚያው ሳምንት ራዲያ ግቢው በር ላይ አቆመችኝ። "ቲቸር፣ በወር ሁለት ልደት እየጠበቅኩ አባን መጦር አልችልም። አሁን የእነ አዴ ድንቅቱ የስፖርት ቡድን ሥራ መጥቷል። እሱ ካማረ ሌሎቹም ቡድኖች ይመጣሉ፣ እቀራለሁ። ካላማረ ለራቢአ እሺ እላታለሁ። ለአባ እንዳይነግሩብኝ።"

አልነገርኩም። ይሁን እንጂ በዚያች ጠባብ ቤት ስልክ የሚነጋገር ሰው ምሥጢር የለውም። የጋሽ ከድሩ ዓይናቸው ነው እንጂ ጆሮአቸው አልተሸፈነም።

አዴ ድንቅቱ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረተኛ ናቸው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተዋል። አሁን ደግሞ እሑድ እሑድ ጠዋት አስፋልት ላይ ማስ ስፖርት የሚሠሩ የአርባ እናቶች አለቃ ሆነዋል። በግንቦት ወር መናገሻ ጫካ ድረስ ሄደው የእግር ጉዞ ሊያደርጉ ቆርጠው ነበርና፣ አንድ ዓይነት ቲሸርት አማራቸው።

"አከም ቡልተኒ ኦቦ ከድሩ! ቲቸር!" እያሉ፣ በኦሮምኛ ሰላም ብለው የገቡት ራዲያ እኔን ከማነጋገሯ በፊት ነበር። "ያ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እስቲ የሚያምር ነገር ጻፊልን። ግን ‘ሯጭ’ ምናምን እንዳትይን። ወጣቶቹ እያለፉን ይስቁብናል።"

"ታዲያ ምን ልበል አዴ?"

"እውነቱን ነዋ። ቀስ ብለን ነው የምንሄደው።"

ራዲያ ትንሽ አሰበችና "ቀስ በቀስ" ብላ በእርሳስ ጻፈች። ከሥሩ እንቁላል ሣለች። ለእንቁላሉ ሁለት እግር አወጣችለት፤ ለእግሮቹ ስኒከር አጠለቀችላቸው።

አዴ ድንቅቱ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። "እንቁላል በእግሩ ይሄዳል! ዹጋ ዻ፣ እውነት ነው! ብቻ ትንሽ ወፈር አድርጊው፣ እኔን እንዲመስል።"

ራዲያ አርባ ቲሸርት አምጥታ ሥራ ጀመረች። እንደዚያ ተግታ ስትሠራ አይቻት አላውቅም። ሃያ ሁለቱ ሲያልቁ አንዱን ለአዴ ድንቅቱ ሰጠቻቸው፤ ለብሰው ለሌሎቹ እንዲያሳዩላት።

አዴ ድንቅቱ ግን አዲስ ልብስ ሳያጥቡ አይለብሱም። "ጨርቅ ከፋብሪካ ሲወጣ ምን ምን ተቀብቶ እንደሚወጣ የማውቀው እኔ ነኝ" ይላሉ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ተመልሰው መጡ። ቲሸርቱን ከቀሚሳቸው በላይ አጥልቀውታል። እጅጌው ብብታቸውን ይዞ አልለቅ ብሏል። ግርጌው ከእምብርት በላይ ቆሟል። እንቁላሉ ተጨማዶ የሰባ ዓመት ሽማግሌ መስሏል።

"ራዲያ፣ እንቁላሉ ተፈለፈለ እንዴ?" አሉ በሩ ላይ ቆመው። "ይሄ እኮ የጫጩት ልብስ ነው!"

ማንም አልሳቀም። ራዲያ ብድግ አለች። "ምን አድርገውት ነው አዴ?"

"ምን አደርገዋለሁ? አጠብኩታ! ልብስ አይታጠብም?"

ራዲያ ከታተሙት አንዱን ይዛ ወደ ቧንቧው ሮጠች፤ ነክራ አውጥታ ገመድ ላይ ሰቀለችው። ፀሐዩ የግንቦት ፀሐይ ነው፤ ብዙ አልጠበቅንም። እየደረቀ ሲሄድ እያየነው ጠበበ፣ እያየነው አጠረ። የቀሩት ሃያውም ያው እንደሆኑ ለመረዳት ሌላ መንከር አላስፈለገም።

አዴ ድንቅቱ ፊቷን አይተው ቀልዳቸውን ሰበሰቡ። "በቃ አታስቢ ልጄ። ጉዞው ለእሑድ ነው፤ ካልደረሰ በየልብሳችን እንሄዳለን። ያው መራመድ መራመድ ነው" ብለው ወጡ። ይህ ደግነት ከቁጣ የባሰ ከበዳት መሰለኝ። ገባችና ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። አባቷ እየሰሙ፣ ሳትደብቅ፣ "ቲቸር፣ ለራቢአ ልደውል" አለች።

ከወዲያኛው ጥግ ሬዲዮው ቀጭ ብሎ ተዘጋ።

"ውኃ ጠጥቶ ነበር?" አሉ ጋሽ ከድሩ።

"ምን አሉ አባ?"

"ጨርቁ። ከመጻፍሽ በፊት ውኃ ጠጥቶ ነበር ወይ?"

ራዲያ እንደ ተማሪ ቀስ ብላ መለሰች። "ያለቀ ልብስ ነው እኮ። እኔ ውኃ የሚጠጣው የሚቆረጥ ጨርቅ ብቻ መስሎኝ።"

"የተሰፋም ጨርቅ ጨርቅ ነው። እንዴ! በርሜሉ አጠገብ ያደግሽ ልጅ!"

ቀና ብላ አየቻቸው። "አባ፣ ስሠራ እያዩኝ ነበር?"

ጋሽ ከድሩ የሬዲዮውን ቁልፍ በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ። "ሳይሽ ነበር" አሉ። "ሳይነከር ወደ ጠረጴዛ ሲወጣ አየሁ። አልጠየቀችኝም ብዬ ዝም አልኩ። ልጄ ሻንጣ ልታነሣ ነው፣ እኔ ደግሞ አልተጠየቅኩም ብዬ ኮርቼ ተቀምጫለሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ።"

ራዲያ ወደ እኔ ዞረች። እኔ አልነገርኩም ለማለት ራሴን ነቀነቅሁ።

"ተነሺ" አሏት። "ያልታተሙትን አሥራ ስምንቱን አሁኑኑ ንከሪ። የታተሙትንም ንከሪ።"

"የታተሙትን? ያጥራሉ እኮ አባ!"

"ማጠራቸው ካልቀረ እዚሁ ይጠሩ። ሰው ቤት ሄደው አያዋርዱን።" ወደ እኔ ዞሩ። "ተሾመ፣ እስቲ ያን ቴሌቪዥን አውርድልኝ።"

አወረድኩ። ከሥሩ የስፌት መኪናው ጥቁር ጀርባ ብቅ ሲል፣ ጋሽ ከድሩ የሰው ትከሻ እንደሚዳብሱ አድርገው ዳበሱት። ከዚያ ከአልጋው ሥር አንድ የብረት ሣጥን አስወጡኝ። ሣጥኑ ሙሉውን ያ አረንጓዴ የዩኒፎርም ጨርቅ ነበር፤ ሱቋ ስትነሣ የተረፈው ቁርጥራጭ፣ በጥቅል በጥቅል ታስሮ።

"ይሄኛው ድሮ ጠጥቷል" አሉ። "የጠበበውን ከጎን እንከፍተዋለን፣ በዚህ እናሰፋዋለን። ያጠረውን ከግርጌ እንቀጥለዋለን። አራት አራት ጣት።"

ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ከድሩ ከስፌት መኪናው ፊት ተቀመጡ። መጀመሪያ የሰፉት ጠማማ ሆነ። ፈቱት። ሁለተኛውን ገልብጠው ሰፉት፤ አረንጓዴው በውስጥ በኩል ቀረ። እሱንም ፈቱት። ራዲያ አንድም ቃል አልተናገረችም፤ አጠገባቸው ተንበርክካ መርፌው ውስጥ ክር እያስገባች ሰጠቻቸው። ሦስተኛው ላይ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የግራ እጃቸው ጣቶች ከመርፌው ፊት ፊት እየሄዱ ጨርቁን እየዳሰሱ መንገድ ያሳዩት ጀመር። ስፌቱ ቀጥ ብሎ ወጣ።

"ዓይኔ ነበር ለካ የሚያሳስተኝ" አሉ።

እኩለ ቀን ላይ መብራት ጠፋ። ራዲያ የታተሙትን ከውስጥ በኩል በእርጥብ ጨርቅ እየተኮሰች የእንቁላሎቹን ፊት ስታቃና ነበር፤ የኤሌክትሪክ ካውያው እጇ ላይ ቀዘቀዘ። ጋሽ ከድሩ የእግር መኪናቸውን ሳያቆሙ "ቁም ሣጥኑ ጀርባ እይ" አሏት። የከሰል ካውያው እዚያ ነበረ። ክዳኑ ዝጓል፤ እጀታው ግን ደህና ነው። ፍም ሞላንበት። ራዲያ እርጥቡ ጥጥ ላይ ስታሳርፈው ያ ሽታ ተነሣና ክፍሉን ሞላው።

ስንት ዓመት! የመኪናው ድምፅ ቆመ። ጋሽ ከድሩ እጃቸውን ጨርቁ ላይ እንዳደረጉ አፍንጫቸውን ወደ ላይ አነሡ። "ሬሐና ይሄን ሽታ ስትሰማ ምሳ ታቀርብ ነበር" አሉ። ራዲያ ካውያዋን አላቆመችም፤ ፊቷን ግን ወደ ግድግዳው መለሰች።

ዓርብ ጁምዓ ሰግደው ተመለሱና ቀጠሉ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሃያ ሁለቱ ባለ አረንጓዴ ጎን፣ አሥራ ስምንቱ ነጫጭ ሆነው ታጥፈው ተቀመጡ። በእንቁላሎቹ ላይ ካውያ ያላጠፋው ጥቂት መስመር ቀርቷል። እውነቱን ለመናገር፣ ራዲያ ያንን እያየች እጇን ታፍተለትል ነበር።

አዴ ድንቅቱ ሁለት ሴቶች አስከትለው ገቡ። አንደኛዋ ዕድላዊት ነበረች፤ ድሮ ያስተማርኳት፣ አሁን የሦስት ልጆች እናት። አዴ ድንቅቱ የላይኛውን ቲሸርት አነሡ፤ አረንጓዴውን ጎን በአውራ ጣታቸው እያሹ ቆዩ።

"ኦቦ ከድሩ" አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። "ይሄ የልጆቼ ዩኒፎርም ነው።"

"የእኔም ነው!" አለች ዕድላዊት። "ቲቸር፣ አያስታውሱም? እጥፋቱ ሲፈታ ቀሚሴ ባለ ሁለት ቀለም ሆኖ ልጆቹ ባንዲራ እያሉ ሲጠሩኝ? እኔ ባለ አረንጓዴውን ነው የምወስደው!"

ሦስተኛዋ ሴትዮ ከነጮቹ አንዱን ይዛ ቆማ ነበር። "እንዴ! የእኛስ አረንጓዴ የት አለ?"

"ያንቺ እኮ ደህና ነው፣ አልተበላሸም" አለች ራዲያ።

"አይሆንም! እኔም የተበላሸውን ነው የምፈልገው!"

ራዲያ አባቷን አየች፣ አባቷ ሣጥኑን አዩ። እስኪመሽ ድረስ አሥራ ስምንቱም ጎናቸው ተከፍቶ ቀጭን ቀጭን አረንጓዴ ገባላቸው። አዴ ድንቅቱ የራሳቸውን ገልብጠው ሲያዩ ውስጡ የተጣጠፈ ትርፍ አገኙ።

"ይሄ ምንድን ነው ኦቦ ከድሩ?"

"ማስፊያ ነው። ቢያስፈልግ ይፈታል።"

"ወይኔ! እኛ ለመቅጠን ነው የምንራመደው፣ እርስዎ ለመወፈሪያ ይተዉልናል?"

"ልማድ ነው" አሉ ጋሽ ከድሩ እየሳቁ። "ትርፍ ሳልተው መስፋት አላውቅበትም።"

እሑድ ጠዋት ቅጥቅጥ አውቶብስ ላይ ሲሳፈሩ አየኋቸው፤ አርባ እንቁላል በስኒከር። ዝናብ ጫካው ውስጥ አገኛቸው። ሲመለሱ ጭቃው እስከ አንገታቸው ደርሶ ነበር፤ ዘፈናቸው ግን ከሩቅ ይሰማል። ራዲያ ግቢው በር ላይ ቆማ ስታያቸው ደስ አላት፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። "ታጥቦ እስካየው አላምንም ቲቸር" አለችኝ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አዴ ድንቅቱ መጡ። ቲሸርቱ ታጥቧል። እጅጌው በቦታው፣ ግርጌው በቦታው፣ እንቁላሉም ከነመስመሩ በቦታው ነበር። ራዲያ ሜትር አንሥታ ተንበረከከች፤ ትከሻውን ለካች፣ ቁመቱን ለካች፣ እንደገና ከላይ ጀመረች።

"ኧረ ተይኝ፣ ሬሳ አደረግሽኝ እኮ!" አሉ አዴ ድንቅቱ። "አንድ ጣት አልጠበበም። ይልቅ ይሄን ስሚ። የዓለም ገና ሴቶች አይተውናል፤ ሠላሳ ይፈልጋሉ። ቡራዩ ያለችው እኅቴም ለቡድኗ ጠይቂልኝ ብላለች። ግን ሁሉም ባለ አረንጓዴ ጎን ነው የሚሉት። ይኑር አይኑር እኔ አላውቅም፤ እናንተ ተነጋገሩ።" ሻይ እንኳ ሳይጠብቁ ሄዱ።

"አረንጓዴው ሣጥን ውስጥ ሩብ ቀርቷል" አሉ ጋሽ ከድሩ። "ከዚያ በኋላስ?"

"ከዚያ በኋላ አዲስ ገዝተን እናጠጣዋለን" አለች ራዲያ።

ስልኳ ጮኸ። ራቢአ ነበረች። ራዲያ ቆማ አዳመጠች። ከዚያ እንዲህ ስትል ሰማናት። "ራቢአዬ፣ ቦታውን ለሌላ ሰው ስጪው … አይ፣ አልታመምኩም … ማንም አልከለከለኝም። ሥራ ይዤ ነው። ከአባ ጋር።" እመቤቲቱን ሰላም በይልኝ ብላ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

ጋሽ ከድሩ ቀና አላሉም። መርፌው ውስጥ ክር ለማስገባት እየታገሉ ነበር፤ ክሩ ከመርፌው ዓይን አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ ያልፋል። ራዲያ ክሩን ከእጃቸው ወሰደች፣ ጫፉን በከንፈሯ አረጠበች፣ አስገብታ ሰጠቻቸው። ከዚያ አዲስ የመጡትን ባዶ ቲሸርቶች ትልቁ ሳፋ ውስጥ ከምራ ለመንከር ተነሣች።

እኔ እንደ ልማዴ "ደህና ሁኚ" የሚለውን መልስ አፌ ላይ አዘጋጅቼ ጠበቅሁ።

ራዲያ ሳፋውን ወገቧ ላይ አስደግፋ፣ በሩን በእግሯ ገፋ አድርጋ፣ ምንም ሳትል ወጣች።